የእማማ ሳህሊቱ ጾም

ሶዶ፣ ኅዳር 20 ቀን 1927 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ሀብተጊዮርጊስ፣ ድሬዳዋ።

በዚያ በሙቀት አገር እንዴት ሰነበቱ? ባለቤትዎ እትዬ ፋንታዬስ ደኅና ናቸው? እኛ እዚህ ጠዋት ጠዋት ከዳሞታ ተራራ የሚወርደው ጉም ያስለናል እንጂ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነን።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ እኔ የትምወርቅ ነኝ፤ የአክስትዎ ልጅ የጉልላት ልጅ። አባቴ ካረፈ በኋላ እናቴ ቦዲቲ አግብታ ስትሄድ እኔ በዚህ በድኩማን ቤት ለሥራ ቀረሁ። የቤቱ አስተዳዳሪ እሜቴ አዛለች ናቸው። ንባብ ከቤተ ክርስቲያን ተምሬ ዳዊት ጀምሬ ስለ ነበር፣ ደብዳቤ ሲኖር የምጽፈው እኔ ነኝ። ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም፤ በወረቀት ትንሽ ይሻለኛል።

በነጋዴው በአቶ ዳልጮ እጅ የላኩት ወረቀት ደርሷል። «የእናቴን አኗኗር አንድም ሳትደብቂ ጻፊልኝ፤ ከዚያ ቤት ያስገባኋት እኔ ነኝና ልቤ አያርፍም» ብለዋል። እንግዲህ ልሞክር።

ቤቱ ረጅም የሣር ቤት ነው፤ አንድ ሟች ባለርስት ለነፍሳቸው ብለው በኑዛዜ የተዉት። አሥራ አንድ ሰው ይጦርበታል። የምናገለግለው ሦስት ነን፤ እሜቴ አዛለች፣ ወጥ የምትሠራው ፈጠነችና እኔ። ጠዋት ውኃ አሞቃለሁ፤ ፊታቸውን አስታጥባለሁ፤ መነሣት የማይችሉትን ከፈጠነች ጋር ይዘን ወደ ፀሐይ እናወጣለን። ከዚያ የረጠበውን ገለባ እቀይራለሁ። ምሳ ጎደሬ ወይም ቆጮ በጎመን ነው፤ እሑድ እንጀራ። በአንድ ገበታ አራት አራት ሆነው ይቀርባሉ፤ እጅ የማስታጥበው እኔ ነኝ። አንዱን ጨርሼ ወደ ሌላው ስሄድ የመጀመሪያው እንደገና ይጠራኛል። ሲመሽ ወገቤ የራሴ አይመስለኝም፤ ይህን ለእርስዎ መጻፌ ግን ነውር ሳይሆን አይቀርም።

እናትዎ እማማ ሳህሊቱ ከበሩ አጠገብ ያለው መደብ ተሰጥቷቸዋል። ልብሳቸው ንጹሕ ነው። ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበው ይቀመጣሉ። ከገበታ ግን አይቀርቡም፤ ይጾማሉ። መጀመሪያ ጽጌን ጾሙ፤ ጽጌ ሲያልቅ ሱባኤ አለብኝ አሉ፤ አሁን ደግሞ የነቢያት ጾም ገባ። ሲመሽ አንድ ጣሳ አጥሚት ይጠጣሉ፤ አንዳንዴ ጠላ። ሌላ የለም። እሜቴ አዛለች «እንዲህ ያሉ ጿሚ አይቼ አላውቅም፤ ቤታችን ተባረከ» ይላሉ። ከከተማ ሴቶች ጸልዩልን እያሉ ይመጡባቸዋል።

የሚቀልዱባቸው አባባ አንጁሎ ብቻ ናቸው። ዓይናቸው በፈንጣጣ የጠፋ የዚሁ አገር ሽማግሌ ናቸው፤ አማርኛቸው ሴትና ወንድ አይለይም። ትናንት ምሳ ሲቀርብ፣

«የትምወርቅ፣ ያ ሴትዮ ካልበላ ድርሻውን ለእኔ ስጠኝ» አሉኝ።

«አንተ ሆዳም! ለነፍስህም እንዲህ ብትስገበገብ!» አሉ እማማ።

«ነፍስ ጎደሬ አይበላም። ሆድ ነው የሚበላ።»

ሁሉም ሣቁ። እማማም ሣቁ፤ ጋቢያቸውን ግን ወደ አፋቸው ሳቡት።

ደብዳቤውን ከማሸጌ በፊት ለእሜቴ አዛለች አነብላቸዋለሁ። እሳቸው ፊደል አልቆጠሩም፤ ከዚህ ቤት የሚወጣውንም የሚገባውንም ወረቀት ግን መስማት ይወዳሉ።

እናትዎ በጸሎታቸው አይረሱዎትም።

አክባሪዎ የትምወርቅ ጉልላት


ድሬዳዋ፣ ጥር 2 ቀን 1927 ዓ.ም.

ለልጄ ለየትምወርቅ፤

የአባትሽ አምላክ እድሜሽን ያርዝመው። ለእሜቴ አዛለች እጅ ነሥተሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ደብዳቤሽ አርባ ቀን ያህል በመንገድ ቆይቶ ደርሶኛል።

ስለ እናቴ ጾም የጻፍሽውን ለፋንታዬ ሁለት ጊዜ አነበብሁላት። በምድር ባቡሩ መጋዘን አብረውኝ ለሚሠሩት ጸሐፊዎችም ነገርሁ። አልደብቅሽም፤ እናቱን ከድኩማን ቤት ጥሎ ሄደ እያሉ የሚያሙኝ ነበሩ። አሁን ግን «የሀብተጊዮርጊስ እናት መናኝ ሆናለች» እየተባለ ይወራል። ባለፈው እሑድ አንድ ቄስ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆመው እጄን ጨበጡኝ።

ፋንታዬ በመጋቢት ትወልዳለች። አንድ ነገር እለምናለሁ። ለሕፃኑ የክርስትና ልብስ የሚሆን ፈትል እናቴ በገዛ እጇ ፈትላ ትላክልኝ። እኔም ወንድሞቼም የተጠመቅነው በእሷ ፈትል በተሠራ ልብስ ነው። ጥጡን በአቶ ዳልጮ እጅ ልኬአለሁ። ለእሷም አንድ ብርድ ልብስ አለ። ከገበያ ፈትል መግዛት አቅቶኝ አይደለም፤ የእጇ ሥራ በልጄ ገላ ላይ እንዲያርፍ ነው።

ጉልበቷን በእኔ ስም ሳሚልኝ።

ሀብተጊዮርጊስ


ሶዶ፣ የካቲት 12 ቀን 1927 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ሀብተጊዮርጊስ፤

ሰላምታዬ በትሕትና ይድረስዎ። እትዬ ፋንታዬን ማርያም በምሕረቷ ትቅረባቸው።

ፈትሉን ለአቶ ዳልጮ ሰጥቻለሁ። ትንሽ ነው። እማማ «ልጁን ያሳድግልኝ፤ እናቱን በሰላም ያገላግልልኝ» ብለዋል። ሌላ ፈትል ግን እባክዎ አይዘዙ። ጉሙ ነው፤ ጥጡን ያረጥበዋል።

ብርድ ልብሱም ደርሷል። እማማ ሦስት ቀን ለብሰው ለአንዲት ሳል ለጠናባቸው አሮጊት ሰጡት። አሮጊቷ አረፉ፤ በእሱው ተጠቅልለው ተቀበሩ። አሁን አሥር ሰው ነው ያለን። ገለባቸውን ካወጣሁ በኋላ ቦታው ባዶ ሆኖ ሲታየኝ ሥራ የቀነሰልኝ መስሎኝ ነበር፤ አልቀነሰም።

ገና በሰላም አለፈ። ጾም ተፈታ፤ አንድ ሙክት ተሰጥቶን ነበር። እማማ ሆዴ አልተመቸኝም ብለው አልቀረቡም። አባባ አንጁሎ «እኔ ዓይን የለኝም፤ ጆሮ አለኝ። የዚያ ሴትዮ አፍ ሲያኝክ ሰምቼ አላውቅም» አሉ። አባባ አንጁሎ ቀልደኛ ናቸው።

ሌላ የምጽፈው የለኝም።

የትምወርቅ


ድሬዳዋ፣ መጋቢት 18 ቀን 1927 ዓ.ም.

የትምወርቅ፣

ዛሬ ሰላምታ አላስረዝምም። ፈትሉ ደረሰ። የእናቴ ፈትል አይደለም።

እኔ ያደግሁት ከእንዝርቷ ሥር ነው። እናቴ ፈትል ሲበጠስባት በምራቅ አርሳ ታያይዘዋለች እንጂ አትቋጥርም። «ቋጠሮ የሰነፍ ነው» ትል ነበር። በዚህ ፈትል ላይ ከሃያ በላይ ቋጠሮ ቆጥሬአለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እውነቱን ንገሪኝ። እናቴ በሕይወት አለች?

በሩቅ ያለ ሰው መርዶ እንዴት እንደሚደበቅበት አውቃለሁ። አባቴ የሞተ ጊዜ ስምንት ወር ደብቀውኛል። ደኅና ነው፣ ሰላም ብሎሃል፣ መርቆሃል የሚል ደብዳቤ እየላኩ። እኔም ለሞተ ሰው ጫማ ገዝቼ ልኬ ነበር። አሁን አንቺም ምርቃቷን ስትጽፊልኝ ያ ጫማ ትዝ አለኝ። ሆዴ አልተመቸኝም ብላ ሥጋ የተወችው፣ በብርድ ልብሱ ተጠቅልላ የተቀበረችው አሮጊት፣ ሁሉንም ደጋግሜ አነበብሁት። አሮጊቷ ማን ናት?

ለፋንታዬ ምንም አልነገርኋትም፤ ቀኗ ደርሷል። መልስሽን ፈጥነሽ ላኪልኝ። ከሞተችም ልወቀው።

ሀብተጊዮርጊስ


ሶዶ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 1927 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ዛሬ የሕማማት ሰኞ ነው፤ በዚህ ቀን አልዋሽም። እናትዎ በሕይወት አሉ። አሁን ይህን ስጽፍ ከበሩ አጠገብ ተቀምጠው አያቸዋለሁ። የተቀበሩት ሌላ ሴት ናቸው።

ፈትሉን የፈተልሁት እኔ ነኝ። መሐላ አለብኝ፤ አሁን ላፈርሰው ነው።

ጥጡ የመጣ ቀን እንዝርቱን ይዤ ቀረብሁ። እማማ እንዝርቱን አልተቀበሉኝም። ከዚያ «መጀመሪያ ጥፍሬን ቁረጪልኝ» አሉኝ። ቀኝ እጃቸውን በግራቸው አንሥተው ከጋቢው ሥር አወጡና ጭኔ ላይ አኖሩት። እንደ ዕቃ ነው ያኖሩት። እየቆረጥሁ ሳለ ምላጩ አዳለጠኝና ጣታቸውን ቆረጥሁት፤ ደም ወጣ። እሳቸው ስለ ሕፃኑ የጀመሩትን ወሬ ቀጠሉ። አልተሰማቸውም። ቀና ብዬ ሳያቸው ዓይኔን አይተው ነገሩ ገባቸው።

ባለፈው መስከረም አንድ ጠዋት ሲነሡ እጃቸው አልታዘዝ አላቸው። ከዚያ ወዲህ ሙት ነው። ቤተ ክርስቲያን መሄድ የተዉትም እሳቸው እንደሚሉት ጉልበታቸውን አሟቸው አይደለም፤ በቀኛቸው ማማተብ ስለማይችሉ ነው። ከገበታ የማይቀርቡትም ለዚሁ ነው። በአንድ ገበታ አራት ሰው ነው ያለው። ግራ እጅ ከገባበት ሦስቱ ይነሣሉ። «እኔ ራሴ በቤቴ ሳለሁ በግራው የጎረሰ እንግዳ ከገበታ አስነሥቻለሁ» አሉኝ። ጣሳ ግን በጋቢ ሥር በግራ ቢያዝ ማንም አያይም። አጥሚቱና ጠላው ለዚህ ነው። አንድም ቀን አልጾሙም፤ እየራባቸው ነው።

ለብቻዎ ላቅርብልዎ አልኋቸው፤ «በግራዬ ከምበላ ይቅርብኝ» አሉ። ላጉርስዎ አልኋቸው።

«ምን ሆኛለሁ? በሽተኛ ነኝ? ሕፃን ነኝ?» ብለው ተቆጡኝ። ወዲያው ደግሞ «ለልጄ እንዳትጽፊ። እጄ እንዲህ መሆኑን ከሚሰማ ጾመኛ ናት ቢል ይሻለኛል» አሉኝና በአንገቴ መስቀል አስማሉኝ።

መቀነታቸው ድሮ ሁለት ጊዜ ይዞራቸው ነበር። አሁን አራት ጊዜ ይዞራል። የማስታጥቃቸው እኔ ስለሆንሁ አውቃለሁ።

እሜቴ አዛለች ክፉ ሰው እንዳይመስሉዎት። ከልባቸው ጾም ነው ብለው አምነዋል። ደግሞ ደክመዋል። ከአሥር ሰው አንዱ ምንም አልፈልግም ሲል ተመስገን ተብሎ ይታለፋል። እኔስ? እኔም እስከ ጥር ድረስ እጅ የማስታጥበው አንድ ሰው ስለቀነሰልኝ ተመስገን ብያለሁ። ይህን ለማንም አልተናገርሁም።

አሁን ለእሜቴ አዛለች ልንገራቸው እልና ደጃቸው ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ። ምን ፈለግሽ ሲሉኝ መጥረጊያ እላለሁ። አራት ጊዜ መጥረጊያ ጠይቄአለሁ።

ይህንንም ደብዳቤ ሳነብላቸው ሌላ ነው የማነበው፤ ስለ ጉሙና ስለ ጎመኑ። ሁዳዴው ሊያልቅ ነው። ከፋሲካ በኋላ እማማ ምን ሊሉ ነው? ምን ላድርግ?

የትምወርቅ


ድሬዳዋ፣ ግንቦት 8 ቀን 1927 ዓ.ም.

ለልጄ ለየትምወርቅ፤

እውነት ስለነገርሽኝ እግዚአብሔር ያክብርሽ። ፋንታዬ መጋቢት ሃያ ሰባት ወንድ ልጅ ወለደች። ከትናንት ወዲያ ክርስትና ተነሣ፤ የለበሰው ያንቺን ፈትል ነው።

ደብዳቤሽን መጋዘን ውስጥ ከጆንያዎቹ መካከል ቁጭ ብዬ አነበብሁት። አንድ ጓደኛዬ መጥቶ «መናኟ እናትህ ደኅና ናቸው?» አለኝ። በእናቴ ረኃብ በየሰዉ ፊት ስኮራ ከርሜአለሁ።

መጥቼ ላመጣት ፈልጌ ነበር። ፈቃድ ከለከሉኝ። ሰው ሁሉ ስለ ጦርነት ነው የሚያወራው፤ ዕቃው ቀንና ሌሊት ይራገፋል፤ ጸሐፊ አይለቀቅም። ከሰኔ በኋላ ደግሞ መንገዱ ጭቃ ነው። በዚያ አቅሟ በበቅሎ ሁለት ሳምንት አትችልም። ስለዚህ የምችለው መጻፍ ብቻ ነው።

ከዚህ በታች ያለውን ለእሜቴ አዛለች አንብቢላቸው። እንዳለ አንብቢው፤ አትለውጪው።

«እሜቴ አዛለች ሆይ፣ ስለ ደግነትዎ ውለታዎን እግዚአብሔር ይክፈልዎ። እናቴ አልጾመችም። ቀኝ እጇ ሞቷል። በግራዋ መብላት አፍራ ነው ስምንት ወር የተራበችው። ልጅዋ ሆኜ ሳለሁ ሳላውቅ ቀርቻለሁና እርስዎን አልወቅስም። ነገር ግን ከዛሬ ጀምሮ ሰው ያጉርሳት። እሷ እምቢ ብትል እንኳ እርስዎ እምቢታዋን አይቀበሉ።»

ሀብተጊዮርጊስ


ሶዶ፣ ሰኔ 8 ቀን 1927 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ሀብተጊዮርጊስ፤

ሕፃኑን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልዎ። እትዬ ፋንታዬን እንኳን ማርያም ማረችዎ ይበሉልኝ።

የሆነውን እንደሆነ እጽፋለሁ።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ እማማ ምክንያት አለቀባቸው። በኀምሳው ቀን ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። መጀመሪያ ሆዴን አሉ፤ ከዚያ ጥርሴን አሉ። ጸልዩልን ይሉ የነበሩት ሴቶች መምጣት ተዉ። አንዷ በሩ ላይ «በኀምሳው የሚጾም ክርስቲያን አለ? ሌላ ነገር ቢኖር ነው እንጂ» ስትል ሰማኋት። እሜቴ አዛለች ንስሐ አባታቸውን አስጠሩ፤ እማማ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

አቶ ዳልጮ ደብዳቤዎን ያመጡት ባለፈው ማክሰኞ፣ ምሳ ቀርቦ ሳለ ነው። ወደ ጓዳ ወስጄ ለብቻቸው ላነብላቸው ብዬ ነበር። እሜቴ አዛለች ግን ጎመን እያወጡ ስለ ነበር እጃቸው ተይዟል።

«የት ትወስጂዋለሽ? እዚሁ አንብቢው!»

«በኋላ ይሻላል፣ እሜቴ።»

«በኋላ ማን ያርፍና ነው! አንብቢ።»

ስለ ሕፃኑ ያለውን አነበብሁ፤ እልል አሉ። ከዚያ የሚቀጥለውን አየሁት። ስለ ጉሙ ማንበብ እችል ነበር። ለምጄዋለሁ። እማማን አየኋቸው። መቀነታቸው አምስተኛ ዙር ሊደርስ ምንም አልቀረው። አነበብሁ።

«ጮክ በይ እንጂ! ምን ትንሾካሾኪያለሽ?» አሉ እሜቴ።

ጮክ አልሁ። እንደዚያ ቀን ጮኼ አላውቅም። «ቀኝ እጇ ሞቷል» የሚለው ቤቱን ሞላው። ስጨርስ የሚያኝክ ሰው አልነበረም።

እማማ አላለቀሱም። «ይህችን ልጅ ከዓይኔ አርቁልኝ» አሉ፤ ሌላ ቃል አልተናገሩም። እኔ ከወረቀቱ ጋር እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

እሜቴ አዛለች ጭልፋውን አስቀመጡ። ወደ እማማ ዞሩ። ፊታቸው ቁጣ ይሁን ድካም አልለየሁትም። ከዚያ እጃቸውን ታጥበው ቆጮውን በጎመን ጠቀለሉና መደቡ ላይ ከእማማ አጠገብ ተቀመጡ።

«ይጉረሱልኝ።»

እማማ አፋቸውን ገጠሙ።

«በሞቴ።»

እምቢ አሉ። የእሜቴ እጅ እንደተዘረጋ ቀረ። ያን ጊዜ ከወዲያኛው ገበታ አባባ አንጁሎ አፋቸውን እንደ ጉድጓድ ከፈቱ።

«እሱ ካልፈለገ ለእኔ! ስንት ዓመት በጨለማ ስበላ፣ እጄ በማን ወጥ ውስጥ እንደገባ እግዚአብሔር ነው የሚያውቅ። ማን አጎረሰኝ? አጉርሰኝ፣ እሜቴ!»

እሜቴ ሣቃቸው መጣ። ተነሥተው ሄደው አጎረሷቸው። «እኔስ?» አለ አንዱ። «እኔስ ምን በደልሁ?» አለች ሌላዋ። እሜቴ ጎንበስ ቀና እያሉ ዘጠኙንም አጎረሱ፤ ቆጮው ሊያልቅ ደረሰ። ተመልሰው እማማ ዘንድ ሲደርሱ ያልጎረሰ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ።

«ከዚህ ሆዳም በኋላ ነው ተራዬ?» አሉ እማማ።

አፋቸውንም ከፈቱ። መንጋጋቸው ስለረሳው ይሆን አላውቅም፣ አንዱን ጉርሻ ሲያላምጡ ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው። አባባ አንጁሎ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጡ ነበር። ሦስት ጎረሱ። ከዚያ ደከማቸውና ተኙ።

እሜቴ አዛለች ጓዳ ገብተው ከጆንያው ላይ ተቀመጡ። «አሥር ሰው በየቀኑ ማን ያጎርሳል? እኔስ ማን አለኝ?» አሉ። ከዚያ እኔን አዩኝ። ስለዚህ አሁን እማማን የማጎርሰው እኔ ነኝ፤ ምሳም ራትም። ሁለት ቀን ሙሉ አላናገሩኝም፤ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፣ ዓይኔን አያዩም። በዚህ ምክንያት የሌሎቹ ገለባ ሳይቀየር ይውላል። እውነቱን ልንገርዎት፣ ደክሞኛል፤ አንዳንዴ እያጎረስሁ ዓይኔ ይከደናል።

በሦስተኛው ቀን፣ ሁለተኛውን ጉርሻ ይዤ ስጠብቅ፣ እማማ ፊታቸውን ቋጠሩ።

«ይሄ ጎመን ጨው የለውም።»

ፈጠነች ከምድጃው ሰምታ «ምን አሉ?» አለች።

«ጨው የለውም አልሁ። ይሄን ነው ስምንት ወር ቅዱስ እያላችሁ ያስቀራችሁብኝ?»

«ስምንት ወር ሳይቀምሱት ከርመው አሁን ነው ጨው የሚጠይቁኝ!» ብለው እሜቴ አዛለች ከጓዳ ወጡ። እኔ የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። ከጎመኑ ቀመሱ። ጨው ካለቀብን ቆይቷል፤ የተናገረ ሰው ግን አልነበረም። አባባ አንጁሎ «እኔ በዓይኔ ምክንያት መስሎኝ ነበር ጣዕም ያጣሁ» አሉ። ከዚያ ወዲህ አሥሩም ስለ ጨው ነው የሚያወሩት፤ ገለባውም አነሰ፣ ውኃውም ቀዘቀዘ ይላሉ። ቤቱ እንዲህ ጮሆ አያውቅም።

ዛሬ ጠዋት እማማ አናገሩኝ። «ለልጄ ስትጽፊ አይምጣ በዪው፤ መንገዱ ጭቃ ነው» አሉኝ። እኔም ይምጡ ብዬ አላስጨንቅዎትም። ብርድ ልብስም ጥጥም አንፈልግም። አቶ ዳልጮ በሐምሌ ይመለሳሉ። ከተቻለዎት ጨው ይላኩልን፤ ለአሥር ሰው የሚበቃ።

አክባሪዎ የትምወርቅ ጉልላት